አንድ ዛጎል የጎደለው አንቀልባ

መነሻ፦ ወልድያ

በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ መንገዱ ለሕዝብ ማመላለሻ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ አንቀልባ በነጠላ ጠቅልዬ ከወልድያ ተነሣሁ። መድረሻዬ ግራና ነበር። እዚያ የወንድሜ ሚስት፣ እትዬ የሺ፣ ወላጆቿ ቤት ወልዳለች። ሴት ልጅ ናት። በቤታችን ልማድ አንቀልባው ለመጀመሪያው የልጅ ልጅ ይሄዳል። በመጀመሪያ ወንድሜን ጋሼ አስናቀን አዘለ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ እኔን አዘለ። ቆዳው ከአገልግሎት ብዛት ለስልሷል። ዙሪያውን ዛጎል ተሰፍቶበታል። በላይኛው ረድፍ፣ የሕፃን ራስ በሚያርፍበት በኩል፣ አንድ ቦታ ባዶ ነው። እዚያ ላይ ቆዳው ነጣ ብሎ የጣት ጫፍ የምታህል ክብ ምልክት ይታያል።

ጋሼ አስናቀ ልጁን አላያትም። መርሳ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህር ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የስኳር ሕመም ነበረበት። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋ መርፌው አለቀበት። ያን ጊዜ የሺ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ወላጆቿ ዘንድ ተዋትና መድኃኒት ፍለጋ በእግሩ ወደ ወልድያ መጣ። ወልድያም አልተገኘም። በስድስተኛው ቀን እኛ ቤት፣ በልጅነት አልጋው ላይ ሞተ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሳምንት መጻፍ አልችልም። ሞክሬያለሁ።

መጻፍ ያለብኝ ሌላ ነገር አለ። እናቴ በለቅሶው ላይ ደረቷን እየመታች፣ «ዛጎልህን በእጅህ ነቅለህ፣ ራስህን ለቡዳ ዓይን ሰጥተህ» እያለች አለቀሰች። ለቀስተኛው ነገሩን አያውቅም፤ ግን ተቀብሎ አለቀሰ። ከአራት ዓመት በፊት ያቺ ዛጎል ስትጠፋ ጋሼ አስናቀ «እኔ ነኝ የወሰድኳት፤ ለትምህርት ፈልጌያት ነው» ብሏት ነበር። እሷም ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ስትወቅሰው ኖራለች።

ዛጎሏን የነቀልኳት እኔ ነኝ።

ስነሣ እናቴ በር ድረስ ሸኘችኝ። «ጎዶሎ አንቀልባ ሕፃን አይታዘልበትም» አለችኝ። «መርሳ ዕቃው መሃል ፈልግ። ካገኘሃት አሰፍተህ ስጥ። ካላገኘሃት መልሰህ አምጣልኝ።»

«ሌላ ብገዛስ?»

«የማንን? ዘንድሮ በየገበያው የሚሸጠው ከማን ቤት እንደወጣ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ዝም ብዬ ወጣሁ። አራት ዓመት ሙሉ የማውቅበት ነገር ዝም ማለት ነው።

መንገድ

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። እስከ መርሳ መቶ ብር አስከፈሉን። ድሮ ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር፤ ነዳጁ ግን በጀሪካን ነው የሚገዛው። ረዳቱ ቀጭን፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው።

«ወንድም፣ ጥቅልህን እግርህ ሥር አድርገው።»

«እግር ሥር አይሆንም፤ አንቀልባ ነው።»

«ኧረ! በዚህ ዕድሜህ ወለድክ? ጢም እንኳ አላበቀልክም እኮ!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«የወንድሜ ልጅ ናት።»

«ታዲያ ወንድምህ ራሱ አያደርስም? ምን ያለ ሰነፍ አባት ነው!»

ጥቅሉን በሁለት እጄ ያዝኩት። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ፊቴን አዩና ረዳቱን፣ «አንተ፣ በቃህ» አሉት። ረዳቱ ጥቅሉን ከጭኔ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ፤ ከሾፌሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ፣ ሰው ሊቀመጥበት በሚችል ቦታ ላይ፣ ብቻውን አስቀመጠው። ሲሪንቃ ላይ ተሳፋሪ ቢያገኝም ያን ቦታ አልሸጠውም።

ከሲሪንቃ ወዲያ በመንገዱ ዳር ግድግዳቸው የተመታ ቤቶች አየሁ። ጭቃው ረግፎ ማገሩ ብቻ ቀርቷል። በማገሩ መሃል የቤቱ ጓዳ ይታያል፤ አንድ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ቀሚስ አየሁ። ጋሼ አስናቀ ዛጎል እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳኝ የነበረው በዚህ በማገር ነው።

ያ ክረምት ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ነው። እሱ ቤት መርሳ ከረምኩ። ከዝናብ በኋላ አብረን ወጥተን ቀንድ አውጣ እንለቅማለን። በአንዷ ቅርፊት ላይ በሚስማር ትንሽ ቀዳዳ ይከፍትና በጎመን ቅጠል ጠርሙስ ውስጥ ያኖራታል። በማግስቱ ቀዳዳው ላይ ስስ ነገር ተዘርግቶ እናገኛለን፤ የወተት ስልባቦት ይመስላል። ከቀናት በኋላ ስልባቦቱ ላይ ነጭ ፍንጥቅጣቂ ይታያል። ቆይቶ ይደነድናል።

«አየህ» ይለኛል፤ «መጀመሪያ ድንጋይ አልጣለችም። መጀመሪያ ማገር አቆመች። ከሰውነቷ የሚወጣ ስስ ነገር ነው፤ ፕሮቲን አለበት። ጭቃው የሚለጠፈው በኋላ ነው።»

«ጭቃው ምንድን ነው?»

«ካልሲየም ካርቦኔት። የኖራ ድንጋይ።»

«እንደ ጠመኔ?»

«የእኛ ትምህርት ቤት ጠመኔ ጂፕሰም ነው፤ ኖራ አይደለም። ፈተና ላይ እንዳትጽፈው» ብሎ ጆሮዬን ይቆነጥጠኛል።

ከዚያ ስለ ባሕር እንስሳት ያወራልኛል። ባሕር ውኃ ውስጥ የሟሟ ኖራ ሞልቷል፤ ግን በራሱ ቢረጋ ድንጋይ ነው የሚሆነው እንጂ ዛጎል አይሆንም። እንስሳው የሚዘረጋው ስስ ነገር ነው ደቃቃውን ድንጋይ የት እንደሚጀምር፣ በየት በኩል እንደሚያድግ፣ የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው። በዚህ ምክንያት የኖራ ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ ይፈረካከሳል፤ ከዚያው ከኖራ የተሠራ ዛጎል ግን በቀላሉ አይሰበርም። ከመቶ እጅ አንዱን እንኳ የማይሞላ ለስላሳ ነገር በመሃሉ ስላለ ነው።

«ይህን ለተማሪዎቼ በባሕር ዛጎል ባሳያቸው እንዴት ደስ ባለኝ» አለ አንድ ቀን። «አቼቶ ውስጥ ከተውኩት ኖራው ይሟሟል፤ ማገሩ ይቀራል። ምን ዋጋ አለው፣ ሀብሩ ወረዳ ባሕር የለም።»

ባሕር የለም። ግን እኛ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ አንቀልባ ስንት የባሕር እንስሳ ቤት እንደተሰፋ ትዝ አለኝ። ትምህርት ሲከፈት ወደ ወልድያ ተመለስኩና አንዷን በምላጭ ቆረጥኩ። ያወቀብኝ ሰው አልነበረም። ጋሼ አስናቀ ሊጠይቀን ሲመጣ ሰጠሁት፤ ስሰጠው «ከገበያ ነው» አልኩት። ያን ቀን የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም። ዛጎሏን ብርሃን ላይ እያገላበጠ፣ ጥርሷን በጥፍሩ እየቆጠረ፣ እንደ ልጅ ነበር የሆነው።

መርሳ፣ አምስት ሰዓት ገደማ

መርሳ ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት ብርቱካን ነው። ሴቶች መንገድ ዳር በቁና ደርድረው ይሸጣሉ። ጦርነት ያለፈበት ከተማ ውስጥ እንዲህ ቢጫ ነገር ማየት እንግዳ ነው። ለየሺ አንድ ኪሎ ገዛሁላት፤ ሠላሳ ብር።

ወንድሜ ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ተዋጊዎች ሰፍረውበት ነበር። ዴስኮቹ ለማገዶ አልቀዋል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ስገባ ጫማዬ ሥር ብርጭቆ ይንኮሻኮሻል። የእሱ ጠረጴዛ የለም። መሳቢያው የለም። ግድግዳው ላይ በእጁ የሳለው የቀንድ አውጣ ሥዕል ግን አለ፤ ግማሹ በጥይት ተበሳስቷል። እዚያ ቆሜ፣ በቃ አንቀልባው ሊመለስ ነው አልኩ።

ከበሩ ላይ ድምፅ ሰማሁ።

«ማነህ አንተ? የሚሰረቅ ነገር አልቀረም፣ ዘግይተሃል!»

አያ ሙሄ ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ። ሽበታቸው ጨምሯል። ማንነቴን ስነግራቸው ኩፊያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አዩኝና አቀፉኝ።

«አስናቄ! ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የመምህሩ ወንድም ነህ ለካ። ያኔ ቀንድ አውጣ ይዘህ በዚህ ግቢ የምትዞረው?»

«አዎ፣ አያ ሙሄ። እርስዎ ደኅና ከረሙ?»

«አልሃምዱሊላህ። ወንድምህ አገር ሲቀላቀል ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ሰው ወርቁን ሲደብቅ፣ እሱ አንዲት ካርቶን አምጥቶ ‹አያ ሙሄ፣ ይህችን ይደብቁልኝ› አለኝ። ወርቅ ናት ብዬ ተቀበልኩት። ከፍቼ ባይ የእንቁላል ቅርፊት!» ሳቁ፤ ከዚያ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ቃል ነዋ። ደበቅሁለት።»

ቤታቸው ወሰዱኝ። በሀብሩ ገበሬ ማሽላውን መሬት ቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ ያኖራል፤ አፉን በጭቃ ደፍኖ ከላይ አፈር ያለብሰዋል። የማያውቅ ሰው በላዩ ላይ ቢራመድ አያገኘውም። ካርቶኑ እዚያ፣ ከማሽላው ጋር ከርሟል። ሲያወጡት የጉድጓድ ሽታ፣ ያ ጎምዘዝ ያለ የቆየ እህል ሽታ አብሮ ወጣ።

ውስጡ ደብተር፣ ቅርፊታቸው በአቼቶ የሟሟ፣ የደረቁ የእንቁላል ስስ ሽፋኖች፣ ቀንድ አውጣዎች። ከሥር አንድ የክብሪት ቀፎ። በጥጥ ተጠቅልላ፣ ዛጎሏ ውስጡ አለች።

ግን ያቺ ዛጎል አልመሰለችኝም። የአንቀልባችን ዛጎሎች እንደ ጥርስ ያበራሉ። ይቺ ደብዝዛለች። ፊቷ የተበላ፣ ሻካራ፣ አመድ የነካው ይመስላል። ደብተሩን ገለጥኩ። ጽሑፉ አጭር ነው።

«ዛሬ ከወልድያ ተመለስኩ። ዛጎሏን ሦስት ቀን ከቆየችበት አቼቶ አወጣኋት። የእማዬ ናት። ልጁ ነው የነቀላት፤ ሲያዩኝ ዓይኖቹ ነገሩኝ። ፊቷ ተበልቷል። በተበላው ላይ ስስ ነገር በመርፌ ይነሣል። ማየት የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። አሁን ግን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። ሌላውን አልጨርሰውም።»

እናቴ የዛጎሏን መጥፋት ባወቀችበት በዓል ወልድያ መጥቶ፣ ፊቷ ቆሞ «እኔ ነኝ» ካለ በኋላ ጓሮ ወስዶ፣ «አይዞህ፣ አልጠፋችም፤ አስቀምጬልሃለሁ» ብሎኝ ነበር። ለካ ያን ሲለኝ ዛጎሏ አቼቶ ውስጥ ነበረች። ስትሟሟ እያወቀ ነው ያጽናናኝ።

አያ ሙሄ ቂጣ በወተት አቀረቡልኝ። ቂጣውን ቆርሼ እጄ ላይ ያዝኩት።

«ብላ እንጂ፤ መንገደኛ ነህ» አሉኝ። «ያገኘኸው የፈለግኸው አይደለም?»

«ነው፣ አያ ሙሄ። ግን ተበላሽቷል።»

«እኛስ አልተበላሸንም?» አሉኝና ወተቱን ወደ እኔ ገፉት።

መርሳ ገበያ

እዚህ ያደረግሁትን መሸሸግ እችል ነበር። አልሸሽገውም። እናቴ ያቺን ደብዛዛ ዛጎል ካየች ‹ምን አደረጋት?› ብላ ዳግም ልትወቅሰው ነው፤ አሁን ደግሞ መቃብር ውስጥ። ስለዚህ ወደ ገበያው ገባሁ። ጨሌና ማተብ የሚሸጡ አንዲት እናት ሰሌን ላይ ዛጎል ዘርግተዋል።

«ከየት የመጣ ነው?» አልኳቸው።

«ከጅቡቲ ነጋዴ። ከማንም አንቀልባ አልፈታሁም፣ ወላሂ! እንዲህ ብላችሁ ብላችሁ ገበያዬን ገደላችሁት።»

የተበሳውን ጀርባ፣ የጥርሱን ብዛት፣ ስፋቱን እያየሁ የእኛን የሚመስል መረጥኩ። አምስት ብር። የሚያበራ ነበር። በግራ ኪሴ ከተትኩት። የወንድሜ በቀኝ ኪሴ ነበረች።

ግራና

ከመርሳ ግራና በባጃጅ ሄድኩ፤ ለሰው ሃምሳ ብር። መንገዱ ከአስፋልቱ ወጥቶ በማሽላ እርሻ መሃል ይሄዳል። አገዳው በየማሳው ቆሟል፤ ግማሹ ሳይታጨድ ወፍ በልቶት የቀረ ነው። ያኔ በክረምት ከጋሼ አስናቀ ጋር በዚሁ መንገድ በእግር መጥተናል። የሺን ሊያይ ነበር የመጣው፤ ለእኔ ግን «ትልልቅ ቀንድ አውጣ አለ» ነው ያለኝ። አንድም አላገኘንም።

የሺ ጥቁር ለብሳ ከበሩ ተቀበለችኝ። መርዶዋን ቀድመው ሽማግሌዎች አርድተዋታል። ተላቀስን። ከዚያ ሕፃኗን ክንዴ ላይ አደረገችልኝ። የእሱ ግንባር ነው፤ ያው የሱ ግንባር።

«ሲሞት ምን አለ?» አለችኝ።

«ውኃ... ውኃ ይጠማው ነበር። ስላንቺ ይጠይቅ ነበር። ‹ወለደች ወይ?› ይላል። ‹ገና ነው› ስለው፣ ‹እንዳትቸኩል› ይላል።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እናቷ ሕፃኗን ተቀበሉኝ።

አንቀልባውን ፈታሁ። የሺ ዛጎሎቹን በጣቷ እየዳሰሰች ባዶው ቦታ ላይ ደረሰች። ሁለቱንም ኪሴን አራግፌ ዛጎሎቹን መዳፌ ላይ አደረግሁ። አንዷን ብቻ ላወጣ ነበር ያሰብኩት። እጄ ግን ሁለቱንም አወጣ።

«የትኛዋ ናት የቤታችሁ?»

ነገርኳት። ምላጩን፣ በዓሉን፣ ለቅሶውን፣ ደብተሩን። ብዙ ቦታ ላይ ተደናቀፍኩ። አላቋረጠችኝም።

«እማማ ይህን አያውቁም?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አታውቅም። የምታበራዋን ከሰፋንላት... ማለቴ... ሁሉም ያርፋል።»

«አንተ ታርፋለህ» አለች። ድምፅዋ አልጨከነም። «እሱ ‹እኔ አይደለሁም› ለማለት አሁን አይችልም። አንተ ነህ የምትልለት። ባሌ ባልሠራው ሲወቀስ እኔ እዚህ ተቀምጬ ልጁን በዚህ አላዝልም።»

ደብዛዛዋን አነሣች። እናቷ ወስፌና ጅማት አመጡ። ጅማቱን በምራቋ አርሳ፣ በአሮጌው ቀዳዳ አሳልፋ፣ ሦስት ጊዜ አጠበቀችው። ከሚያበሩት መሃል ያቺ አንዷ ወዲያው ትለያለች። ሕፃኗን አዘለች። ትንሿ ራስ ያቺ ዛጎል ላይ ዘንበል ብላ ተኛች።

የምታበራዋ መዳፌ ላይ ቀረች።

መመለሻ

ረቡዕ ጠዋት ከግራና ወጣሁ። መርሳ ላይ ሻይ በዳቦ በላሁ። በሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን ደጋግሜ አጠናሁ፤ ሲሪንቃ ሳልደርስ ሁሉም ጠፋብኝ። ማገራቸው ብቻ የቀረ ቤቶች ዘንድ ስንደርስ አንድ ሰውዬ ጭቃ በእግሩ ሲያቦካ አየሁ። ሚስቱ በባልዲ ውኃ ታቀብለዋለች። በቀረው ማገር ላይ መልሶ ሊለጥፍ ነው።

ቤት ስገባ እናቴ ምስር ትለቅም ነበር።

«ሰጠሃት?»

«ሰጠኋት።»

«ዛጎሏስ?»

ቆሜ ነገርኳት። መቀመጥ አልቻልኩም። ስጨርስ እጇ ከምስሩ ላይ ቆሟል።

«እሱን በየበዓሉ ስወቅሰው አንተ እዚህ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«በለቅሶውስ?»

«ነበርኩ፣ እማዬ።»

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፤ ስሜን አትጠራም። ቢገባኝም ከበደኝ።

በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ ላይ፣ በረንዳ ተቀምጬ ሳለ ከጎረቤት ሱቅ የአቼቶ ጠርሙስ ይዛ መጣች። አንድ ብርጭቆ አጠገቤ አስቀመጠች።

«ያቺ የገዛሃት አለች?»

ከኪሴ አወጣኋት።

«ልጄ ያንን ሁሉ ወቀሳ የተሸከመው ምን ሊያይ እንደሆነ አሳየኝ።»

አቼቶውን ቀዳሁ። ዛጎሏን ጣልኳት። ደቃቅ አረፋ ከጥርሶቿ መሃል እየተነሣ ወደ ላይ ወጣ። እናቴ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ አየችው። እኔም እንደነገረኝ፣ በእሱ ቃል፣ ስለ ማገሩና ስለ ጭቃው ነገርኳት። አልተደናቀፍኩም።

ቀናት ፈጀ። አቼቶውን ሁለት ጊዜ ለወጥንላት። በየጠዋቱ ከጸሎት በኋላ ብርጭቆውን ብርሃን ላይ ታነሣውና፣ «ገና ነው» ትለኛለች። በመጨረሻ ጠንካራው ሁሉ አለቀ። ብርጭቆው ሥር የሸረሪት ድር የመሰለ ብጥስጣሽ ብቻ ቀረ። ቅርጽ የለውም፤ ከወንድሜ ካርቶን ውስጥ እንዳየሁት የእንቁላል ስስ ሽፋን እንኳ አይሆንም። እሱ ይህን አላየውም። አልጨርሰውም ብሎ ነበር የተወው።

እናቴ ጣቷን ነክራ ጫፉን ነካችው። ጣቷ ላይ ተጣብቆ ወጣ።

«ያንን ሁሉ ድንጋይ አደራጅቶ የያዘው ይህ ነው?»

«ይኸው ነው፣ እማዬ።»

ጣቷን በቀሚሷ አልጠረገችውም፤ ፀሐይ ላይ ይዛው እስኪደርቅ ጠበቀች።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ጻፍ ብባል አንድ ነገር እጽፋለሁ። ወንድሜ ያቆመውን ማገር እኔ በዝምታ አራት ዓመት ራቁቱን ትቼው ነበር። ክርስትናው ሲደርስ ከእናቴ ጋር ግራና እንወርዳለን። ያቺን ደብዛዛ ዛጎል ልያት ብላለች። ለአያ ሙሄም ከሱቁ አንድ ሙሉ ጠርሙስ አቼቶ ገዝታላቸዋለች፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ተማሪዎቹ የጀመረውን ይጨርሱለት» አለችኝ።